የደም ቅባትና የስኳር ሕመምተኛ ዓይን

ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳዊት ሲደግሙ የኖሩ አረጋዊ «ፊደሉ መካከሉ ላይ ይጨልምብኛል» ሲሉ፣ ቤተሰብ ነገሩን ለእርጅና ወይም ለዓይን ሞራ ይሰጠዋል። የስኳር ሕመም ባለበት ሰው ላይ ግን ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ይኸውም በሬቲና፣ ማለትም በዓይን ጀርባ ብርሃንን በሚቀበለው ስስ ሽፋን ላይ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች መጎዳታቸው ነው። ጉዳቱ ሲጀምር አያምም፤ እይታንም አያደበዝዝም። ሕመምተኛው በሚያውቀው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ዘግይቷል፤ የጠፋውን ብርሃን ሙሉ በሙሉ መመለስም አዳጋች ነው። ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ብዙ ይነገራል፤ ከዚህ ጉዳት ጋር ስላለው ስለ ደም ቅባት ግን እምብዛም አይወሳም።

የኢንሱሊን ሥራ ስኳርን ማስተዳደር ብቻ አይደለም፤ በሰውነት የተከማቸው ስብ ያለ ልክ ወደ ደም እንዳይለቀቅም ይገታል። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሰውነት አልታዘዝም ሲለው ይህ ልጓም ይላላል። ስቡ ወደ ጉበት ይጎርፋል፤ ጉበትም ትራይግሊሰራይድ አድርጎ መልሶ ወደ ደም ይልከዋል። ከዚህ የተነሣ በሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ትራይግሊሰራይድ ከፍ ይላል፤ በተለምዶ «ጥሩው ኮሌስትሮል» የሚባለውም ዝቅ ይላል። «መጥፎው» በመጠኑ ብዙ ባይጨምር እንኳ ቅንጣቶቹ ጥቃቅንና ጥቅጥቅ ያሉ ስለሚሆኑ ወደ ደም ሥር ግድግዳ ለመግባት ይቀላቸዋል። ስለሆነም «ኮሌስትሮልዎ ደኅና ነው» መባል ለስኳር ሕመምተኛ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

በዓይን ውስጥ የሚሆነውን ለመረዳት ወጥ የፈሰሰበትን ነጠላ ማሰብ ይበቃል፤ ውኃው ይደርቃል፣ ቅባቱ ይቀራል። ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የሬቲናን የደም ሥሮች ስለሚያዳክም ውኃና ቅባት ያፈስሳሉ። ውኃውን ሰውነት መልሶ ይመጥጠዋል፤ ቅባቱ ግን ቢጫ ነጠብጣብ ሆኖ ይረጋል። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የወጣ ጥናት የደም ቅባታቸው ከፍ ባለ ሕመምተኞች ላይ ይህ ነጠብጣብ እንደሚበዛ አሳይቷል። ነጠብጣቡ ማኩላ በሚባለው፣ ፊደል በምንለይበት የሬቲና ማዕከል ላይ ካረፈ ማንበብን ይነሣል።

ታዲያ ቅባቱን መቀነስ ዓይንን ያድናልን? መልሱ እንደሚጠበቀው ቀላል አይደለም። ፌኖፋይብሬት የተባለው የትራይግሊሰራይድ መድኃኒት በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድና በፊንላንድ 9,795 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ተፈትኖ፣ ለሬቲና የሌዘር ሕክምና የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች በሲሶ ገደማ ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2024 በስኮትላንድ የወጣው ጥናትም የሕመሙን መባባስ በ27 በመቶ እንደቀነሰ አስረድቷል። የሚያስገርመው ግን ጥቅሙ የታየው ቅባታቸው ከፍ ባሉትም ባላሉትም ላይ ነው። መድኃኒቱ ቅባትን ከመቀነስ ሌላ በሆነ መንገድ ዓይንን የሚረዳ ይመስላል። ያም ሆኖ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ስለማይስማማ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ አይደለም፤ ዋነኛው መከላከያም እስከ አሁን ስኳርንና የደም ግፊትን መቆጣጠር ነው።

የጾም ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። የጾም ምግብ ከእንስሳት ስብ የጸዳ በመሆኑ ለደም ቅባት ይበጃል የሚለው ግምት በከፊል እውነት ነው። ዳሩ ግን ብዙ ቤት የሚገባው የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ ያለ ስብ ነው፤ የኑግና የሰሊጥ ዘይት ይሻላል። ከዚህም በላይ ነጭ ዳቦ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ጠላና አረቄ ትራይግሊሰራይድን ከፍ ያደርጋሉ፤ እነዚህ ሁሉ ደግሞ የጾም ናቸው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ ቢቆይ ስኳሩ ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ ሊወርድ ስለሚችል፣ የንስሐ አባት የሐኪሙን ምክር ሳይሰሙ ባይፈቅዱ መልካም ነው። ቀኖናውም ለታመመ ሰው ይራራል። ጠበል የሚጠመቁ ምእመናንም መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ መንገር የካህኑ ቃል ከማንም ቃል ይልቅ የሚሰማበት ቦታ ነው።

የሰበካ ጉባኤ ሊያደርግ የሚችለው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሕመሙ ከታወቀበት ጊዜ ጀምሮ፣ ምንም ሳያመው፣ በዓመት አንድ ጊዜ ዓይኑን መታየት ይገባዋል። የስኳር ሕመም ያለባት እናት ስታረግዝ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መታየት አለባት፤ እርግዝና ጉዳቱን ሊያፋጥን ይችላልና። በምርመራው ቀን ብሌንን የሚያሰፋ ጠብታ ስለሚደረግ እይታ ለጥቂት ሰዓታት ይደበዝዛል፤ ብዙ አረጋውያንም ከሆስፒታል ወደ ቤት የሚመራቸው ሰው በማጣት ቀጠሮውን ይተዉታል። ለእነዚህ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ወጣቶች በተራ መመደብ ይቻላል።