የሚጋቡና የሚፋቱ ሞለኪውሎች

የሠፈራችን ትራንስፎርመር ሌት ተቀን እዝዝ ይላል። የሕግ ሰው ነኝና ሊፈነዳ ነው እያልኩ ስሰጋ ኖሬአለሁ። ለካ የድምፁ ዋና ምክንያት ብረቱ ማግኔት በሆነ ቁጥር ርዝመቱ ትንሽ ስለሚለወጥ ነው፤ ያውም ከሚሊዮን ጥቂት እጅ። ብረት ግትር ነዋ!

ከካርቦን፣ ከናይትሮጂንና ከድኝ የተሠራው ቲ.ቲ.ቲ.ኤ. የተባለ ኦርጋኒክ ቁስ ግን እንዲህ አይደለም። ሞለኪውሎቹ መሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ ተደራርበዋል። እያንዳንዱ አንድ ላጤ ኤሌክትሮን አለው፤ ይህም እንደ ትንሽ ማግኔት ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ሲጠጋጉ ኤሌክትሮኖቻቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ይጣመሩና ማግኔትነታቸው ይጠፋፋል። ለመጠጋጋት ግን ክሪስታሉ ቅርፁን መለወጥ አለበት፤ ይህም ጉልበት ያስከፍላል። ቁሱ ለስላሳ ስለሆነ ክፍያው አይከብድም። ስለዚህ በብርድ ይጋባሉ፣ በሙቀት ይፋታሉ።

የገረመኝ ሌላ ነው። ፉጂታና አዋጋ የተባሉ ጃፓናውያን እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳወቁት፣ ጋብቻው የሚፈጸመው ከዜሮ በታች 43 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ፍቺው ደግሞ 32 ዲግሪ አካባቢ። በመሆኑም 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡ ሁለት ናሙናዎች አንዱ ባለትዳር፣ ሌላው ላጤ ሊሆን ይችላል። ልዩነታቸው ከብርድ ወይም ከሙቀት መምጣታቸው ብቻ ነው። ዳኛ ፊት ቢቀርቡ የቀድሞ መዝገባቸው ሳይታይ ፍርድ አይሰጥም (የቤተሰብ ሕጋችንም አይረዳንም)። ተመራማሪዎች ቁሱን ለመረጃ ማስቀመጫነት የተመኙት በዚሁ የማስታወስ ጠባዩ ነው። ከዚያ ወዲህ ሙቀት ሳይጨምሩ በሌዘር ብርሃንም ማፋታት እንደሚቻል ታይቷል።