ኮምፒዩተሬን ከዊንዶውስ ወደ ሊነክስ ለምን ቀየርሁ?



አንድ የታክሲ ባለቤት ወንድማችን በታክስ ወቅት ላፕቶፑን ታቅፎ ወደ ቢሮዬ መጣ። በኢሜይል የደረሰውን የሐሰት ደረሰኝ ሲከፍት ፋይሎቹ በሙሉ ተቆልፈውበታል፤ ለመክፈቻውም ገንዘብ ተጠይቋል። ሌላ ቅጂ አልነበረውም። የቤንዚን፣ የጥገናና የኢንሹራንስ ወጪውን ከባንክ መግለጫ እየለቀምን እንደገና ጻፍን። በጥሬ ገንዘብ የከፈለውን ግን ማስረጃ ስላጣንለት ከገቢው ልንቀንስለት አልቻልንም።

በዚያን ቀን ማታ የራሴን ኮምፒዩተር ተመለከትሁ። የብዙ ደንበኞቼ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያለው በእሱ ውስጥ ነው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የነጻ ጥገና እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ለግል ተጠቃሚዎች የተፈቀደው የአንድ ዓመት ተጨማሪ ጊዜም የተወሰነው እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ነው። ጥገናው ሲቆም ኮምፒዩተሩ እንደ ወትሮው ይሠራል፤ ሌባ የሚገባበት አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ ግን የሚደፍነው የለም። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር ሲያውክ፣ መከላከያው ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። የተጠቁት ጥገናውን ያላስገቡ ናቸው።

ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የእኔ ላፕቶፕ ምንም ሳይጎድለው ይህን አያሟላም። ስለዚህ ሊነክስን መረጥሁ። ሊነክስ በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ የጀመረው፣ በነጻ የሚገኝ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። እኔ የጫንሁት ሊነክስ ሚንት የተባለውን ነው፤ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል፣ ጥገናውም ያለ ክፍያ ይመጣል። አብሮት የሚመጣው ሊብሬኦፊስ የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል። አማርኛም ይጻፍበታል።

ይህ ለሁሉም ይሆናል አልልም። ኩዊክቡክስ ዴስክቶፕ በሊነክስ ላይ አይሠራም፤ በኢንተርኔት የሚከፈተው ግን ይሠራል። የሱቅዎ የሽያጭ መመዝገቢያ ዊንዶውስ የሚፈልግ ከሆነ አይንኩት። እኔም የታክስ ፕሮግራሜ የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ስለሆነ፣ ለእሱ ዊንዶውስ 11 ያለው አንድ ኮምፒዩተር ይዣለሁ። ሊነክስም ቢሆን ያልታወቀ ኢሜይል ከመክፈት አያድንም።

ለመቀየር ካሰቡ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፤

1. መዝገብዎን በሙሉ በውጭ ዲስክ ይቅዱ። ቅጂው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መከፈቱን ያረጋግጡ።

2. ሊነክስን በፍላሽ ላይ አድርገው፣ ምንም ሳያጠፉ ከፍላሹ አስነስተው ይሞክሩት። ፕሪንተሩና ኢንተርኔቱ መሥራታቸውን ይዩ።

3. ከታክስ ወቅት በኋላ እንጂ በመካከሉ አይቀይሩ።

ባይቀይሩም እንኳ የመጀመሪያውን ዛሬውኑ ያድርጉ። የታክስ መሥሪያ ቤቱ (አይ.አር.ኤስ.) ማስረጃ ሲጠይቅ «ኮምፒዩተሬ ተበላሸ» ማለት ደረሰኝን አይተካም። የአገራችን ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል፤ ያ ወንድማችን የውጭ ዲስክ የገዛው ፋይሎቹ ከጠፉ በኋላ ነው።