በደሴና በኮምቦልቻ አሮጌ ቤቶች የተበላሸ ሳንቃ ስለ መለወጥና ስለ መጀመሪያው ቅብ

ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በጦሳ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ስለ ሆነች ዝናብና ጉም ይበዛባታል። ኮምቦልቻ ግን ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ያለችና የሞቀች ናት፤ ምስጥም የሚጸናው እንዲህ ባለ ስፍራ ነው። በአንዱ ዘንድ ውሃ፣ በሌላው ዘንድ ምስጥ የቤቱን ልባጥ ያጠፋል። የሁለቱም ጥፋት የሚጀምረው በመሬት አጠገብ ካለው ሳንቃ ነው።

ባለቤቱም ሆነ የመንግሥት ቤት የሚጠብቅ ሹም ይህን አይቶ ልባጡን በሙሉ አስነቅሎ በባሕር ዛፍ ቢያስለውጥ ታላቅ ኪሳራ ያገኘዋል። አሮጌው ሳንቃ የሐበሻ ጥድ እንደ ሆነ ልቡ ለምስጥም ለመበስበስም በቀላሉ አይሸነፍም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ጥድን ከዋንዛ፣ ከኮሶና ከዝግባ ጋራ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከከለከለ ወዲህ፣ እንደ ቀድሞው ገዝቶ መተካት አስቸጋሪ ሆኗል። ለማገዶ የተሸጠ የጥድ ሳንቃ አይመለስም።

ስለዚህ አናጢው እያንዳንዱን ሳንቃ በወስፌ ይውጋ። ወስፌው ያለ ችግር የገባበት ተቆርጦ ይውጣ፤ ጠንካራው በስፍራው ይቆይ። መጋጠሚያው ውሃውን ወደ ውጭ እንዲያወርድ ሰያፍ ሆኖ ይቆረጥ፤ የታችኛውም ጫፍ ከመሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ። የቆርቆሮው ክፈፍ አጥሮ ውሃ በግድግዳው ላይ የሚወርድ ከሆነ ግን አስቀድሞ እርሱ ካልታረመ አዲሱም ሳንቃ ይበሰብሳል።

ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚደረገው በቅቡ ነው። ሳንቃው ከተመታ በኋላ ፊቱ ብቻ ይቀባል፤ ጀርባው ከጭቃው ግድግዳ እርጥበት እየጠጣ ይጣመማል፣ ቀለሙም ይላጣል። የደረቀው ሳንቃ ከመመታቱ በፊት በአራቱም ወገን፣ በአኳራጅ በቀጠነ የተልባ ዘይት ይቀባ፤ የተቆረጠው ጫፍ ከሁሉ ይልቅ ስለሚጠጣ ሁለት ጊዜ ይደገምለት። ይህ ዘይት የሚደርቀው ከአየር ጋራ ተዋሕዶ ስለ ሆነ ብዙ ቀን ይፈልጋል፤ በጣት ሲነካ የሚያጣብቅ ሳለ ቀለም አይደረብበት። በወሎ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብም ስላለ፣ ለሥራው የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ወራት ነው፤ አዲሱ ተልባም የሚታጨደው በዚሁ መካከል ነው።

አሮጌው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በውሃ ረጥቦ እንጂ በደረቁ አይፋቅ፤ ልጆችም ይራቁ። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ እሳት ሳይነካው ከራሱ ሙቀት ሊነድ ይችላልና፣ ሥራው በተፈጸመበት ማታ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም በውሃ ይነከር።