አሮጌ ካሜራ ለሚገዛ ሰው የሚሰጥ ምክር
(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ)



በወር ደመወዙ ቤቱን የሚያስተዳድር ሰው ለደስታው የሚሆን ዕቃ ሲገዛ ሁለት ጊዜ ማሰብ አለበት። ዛሬ የምንነጋገርበት ዕቃ ሰፊ ፊልም የሚጐርሰው አሮጌ ካሜራ ነው። የእጅ ስልክ ሁሉ ፎቶግራፍ በሚያነሣበት በአሁኑ ዘመን ይህን ካሜራ የሚሻው ሰው ጥቂት ቢሆንም፥ ያም ጥቂቱ በዝና እየተሳበ ገንዘቡን እንዳይከስር ስለ አመራረጡ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በመጀመሪያ የካሜራውን ምንነት እንወቅ። ፊልሙ ቍጥር 120 የሚባለው ሲሆን፥ የኮዳክ ኩባንያ ያወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ወርዱ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ባለ አራት ማዕዘኑ ኔጋቲቭ ከተለመደው ትንሽ ፊልም ከሦስት እጥፍ የሚበልጥ ስፋት አለው። በዚህም ምክንያት ፎቶግራፉ በትልቁ ሲታተም የሽማግሌው የግንባር መስመርና የነጠላው ጥለት ሳይደበዝዝ ይታያል።

የኔጋቲቭ ጥቅሙ በአገራችን የታወቀ ነው። ከአርመን ወገን የሆኑት ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው ለቤተ መንግሥት ያነሷቸው ፎቶግራፎች ዛሬ የታሪክ ምስክሮች ናቸው። የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አቶ ሽመልስ ደስታም ኔጋቲቮቻቸውን ጠብቀው ለንደን ስላደረሱ፥ ሥራቸው በ2007 በዚያው ከተማ ለሕዝብ ሊታይ ችሏል። በጥንቃቄ የተቀመጠ ኔጋቲቭ ባለቤቱን ተሻግሮ ለልጅ ልጅ ይደርሳል ማለት ነው።

አሁን ለምሳሌ ያህል ወላጆቹ በሰሜን ሸዋ፥ በለሚ የሚኖሩ አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ እናስብ። የጀማን ሸለቆ ቍልቍል የምትመለከተው ለሚ፥ ታላቁ የሲሚንቶ ፋብሪካ በ2024 ከተመረቀ ወዲህ መልኳ በመለወጥ ላይ ነው። ይህ ሰው የአባቱንና የእናቱን ፊት፥ የሰፈሩንም መልክ ለልጆቹ ለማቈየት ቢፈልግ ምን ዓይነት ካሜራ ይግዛ? ካሜራው ለሚ ላይ ቢሰናከል ጠጋኝ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መመለስ ይመጣል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ዝነኛው ሳይሆን የማይሰናከለው ነው።

ከሁሉ ዝነኛው የስዊድኑ ሐሰልብላድ ነው፤ ነገር ግን ዋጋውም የጥገናው ወጪም ለደመወዝተኛ ከባድ ነው። በኪየቭ የተሠራው ኪየቭ 88 እርሱን ይመስላል፥ ዋጋውም ይቀላል፤ ሆኖም ፊልሙን በእኩል ርቀት ባለመጠቅለልና በመሰናከል ይታማል። እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚዘረጋ ጥቁር ቆዳ ያላቸው የጀርመን ታጣፊ ካሜራዎች፥ እንደ አግፋ ኢዞሌት ያሉት፥ ለኪስ የሚስማሙና ርካሾች ናቸው፤ ግን ቆዳው በእጥፋቱ እየተበሳ ብርሃን ያስገባል፥ የሌንሱም ቅባት ይደርቃል።

ለጀማሪ የምንመክረው ባለ ሁለት ዓይኑን ካሜራ ነው። የላይኛው ዓይን ለማየት፥ የታችኛው ለማንሣት ያገለግላል፤ የውስጡ ሥራ ቀላል ስለ ሆነም ብልሽቱ ጥቂት ነው። የዚህ ዓይነቱን ዝና ያስፋፋው በ1929 የወጣው የጀርመኑ ሮሌይፍሌክስ ነው። ታናሽ ወንድሙ ሮሌይኮርድና ከ1970 እስከ 1986 የተሠራው የጃፓኑ ያሺካ ማት 124ጂ ግን ባነሰ ዋጋ ጥሩ ሥራ ይሠራሉ። የሩሲያው ሉቢቴል ከሁሉ ይረክሳል፤ ለመማሪያ ይበቃል እንጂ ሌንሱ ከእነዚህ አይተካከልም።

በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ሳያይ ገንዘብ አይከፍልም። ካሜራ ገዢም የሚከተሉትን ይመርምር።

አንደኛ፥ ሻተር የሚባለውን የብርሃን መዝጊያ አንድ ሰከንድ ላይ አድርጎ ይልቀቀው። ድምፁ ሳይንገታገት አንድ ሰከንድ ሞልቶ ካልተዘጋ ቅባቱ ደርቋል፥ ጠጋኝ ይፈልጋል።

ሁለተኛ፥ የጀርባውን ክዳን ከፍቶ፥ ሻተሩ ተከፍቶ ሳለ፥ በሌንሱ ውስጥ ባትሪ መብራት ያብራ። ጥቂት አቧራ አይጐዳም፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ ወይም ጉም የመሰለ ድፍርስ ከታየ ግን ይተወው።

ሦስተኛ፥ ፊልም በሚዘረጋበት ቦታ ስስ ወረቀት ለጥፎ፥ በላይኛው ዓይን ጥርት ብሎ የታየው ነገር በታችኛውም እንዲሁ መጥራቱን ያመሳክር።

አራተኛ፥ የተበላሸ ፊልም አግብቶ ማዞሪያው ሳይነክስ መጠቅለሉን ይሞክር። አምስተኛ፥ ካሜራው የሚጐርሰው ቍጥር 120 መሆኑን ያረጋግጥ፤ ቍጥር 620 የሚባለው ፊልም መሠራቱ ቀርቷልና።

የብርሃን መለኪያ የሌለው ካሜራ ቢያጋጥማችሁ አትናቁት። የያሺካው መለኪያ የተሠራበት የሜርኩሪ ባትሪ ዛሬ አይሠራም፤ ካሜራው ግን ያለ ባትሪም ያነሣል። በለሚ የቀትር ፀሐይ፥ ፍጥነቱ 100 የሆነ ፊልም የያዘ ሰው የብርሃን ማስገቢያውን 16 ላይ፥ ሻተሩን በ125ኛ ሰከንድ ላይ ቢያደርግ አይሳሳትም። ደመና ሲጋርድ ወደ 11 ወይም 8፥ በቤት ጥላ ሥር ደግሞ ወደ 5.6 ወይም 4 ይክፈተው። ለፊት ምስል ግን ቀትርን ትቶ ማለዳን ወይም የሠርክን ብርሃን ይምረጥ።

ስለ ወጪው ስታስቡ ካሜራውን ብቻ አትቍጠሩ። አንዱ ፊልም የሚሰጠው 12 ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ ማጠቢያውና ማተሚያውም ገንዘብ ይፈልጋል። ስለዚህ የዕቁቡን ገንዘብ ሁሉ ለካሜራው ከማዋል ይልቅ ጥቂቱን ለፊልም ማስቀረት ይሻላል። ፊልሙ ከውጭ አገር በሰው ቢመጣላችሁም፥ የአውሮፕላን ጣቢያ የጨረር መፈተሻ ስለሚጐዳው መልእክተኛው በእጁ ይዞ በእጅ እንዲፈተሽለት ይጠይቅ።

በመጨረሻም፥ አዲስ በገዛችሁት ካሜራ መጀመሪያ ያነሣችሁትን ፊልም አሳጥባችሁ ሳታዩ ለትልቅ ጉዳይ አትጓዙበት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና፥ የአረጋዊ አባት ፊት ለሁለተኛ ጊዜ ለመነሣት ሁልጊዜ አይገኝም። በሚገባ የተመረመረ ተራ ካሜራ፥ ሳይመረመር ከተገዛ ዝነኛ ካሜራ ይበልጣል።