«ረን» ሁልጊዜ ሩጫ አይደለም

«ረን» እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ገና ከጅምሩ የሚያገኘው ግስ ነው። ደብተሩ ላይ ከአጠገቡ «ሮጠ» ብሎ ይጽፍለታል። ፍቺው ልክ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ተማሪው ከዚያ በኋላ ቃሉን ባየበት ሁሉ ሩጫ ሲፈልግ ነው። የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ፒተር ጊሊቨር ይህን አንድ ግስ እንደ አዲስ ለማደራጀት ዘጠኝ ወር ያህል ፈጅቶበታል። ሥራው ሲጠናቀቅ ለግሱ ብቻ 645 ፍቺዎች ተመዝግበው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመው ሁለተኛው እትም ብዙ ፍቺ በመያዝ የሚታወቀው «ሴት» የሚለው የ«አስቀመጠ» አቻ ነበር፤ አሁን ግን «ረን» በልጦታል።

645 ፍቺ በቃሉ የያዘ ሰው የለም፤ እንግሊዛዊም ቢሆን። በቋንቋው አፉን የፈታ ሰው ሳያስበው የሚያየው ሁለት ነገር ነው፤ ባለቤቱ ማን ወይም ምን እንደሆነና ከግሱ ቀጥሎ ምን እንደመጣ።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ የ«ረን» አባት የሆነው «ሪናን» በእግር ለሚሮጥም ለሚፈስ ውሃም ያገለግል ነበር። የጀርመንኛው ዘመዱ «ሪነን» ዛሬም «ፈሰሰ» ማለት ነው። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የወንዝ መፍሰስ ከእግር ሩጫ የተዋሰ ዘይቤ ሳይሆን ያንኑ ያህል ያረጀ ፍቺ ነው። አማርኛ እዚህ ላይ ለየነገሩ የየራሱን ግስ ይሰጣል፤ ወንዝ ይፈስሳል፣ ንፍጥ ይወርዳል፣ ጨርቅ ቀለሙን ይለቃል። እንግሊዝኛ ሦስቱንም በ«ረን» ይጨርሳል። ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ የሕፃኑ አፍንጫ «ረኒንግ» እንደሆነ ብትጠይቅ ንፍጥ ይወርደው እንደሆነ ማወቅ ፈልጋ ነው። ልብስ ላይ «ዘ ከለርስ ሜይ ረን» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰውም ያን ልብስ ከነጭ ጋር ባይዘፈዝፈው ይሻለዋል።

ከመፍሰስ ቀጥሎ የሚመጣው ሳያቋርጡ መሥራት ነው። መኪና ዳር ይዛ ቆማ ሞተሯ ካልጠፋ እንግሊዝኛው «ዘ ኢንጅን ኢዝ ረኒንግ» ይላል፤ ጎማዋ ንቅንቅ ባይልም። «ዘ ባስ ረንስ ኤቭሪ 20 ሚኒትስ» ሲባል አውቶቡሱ በየ20 ደቂቃው አለ ማለት ነው እንጂ ስለ ፍጥነቱ የተነገረ ነገር የለም። ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ሥራ ሲጀምርም ግሱ ይኸው ነው። የአዲስ አበባ የሶፍትዌር ባለሙያ ለጓደኛው «ረን አድርገው» ሲለው ሌላ አማርኛ ፍለጋ አይደክምም።

አማርኛ ተናጋሪን በጣም የሚያስቸግረው ግን ግሱ ተሳቢ ሲይዝ ነው። አማርኛ ድርጊቱ ወደ ሌላ ሲሻገር የግሱን መልክ ይለውጣል፤ ሮጠ፣ አስሮጠ፤ ፈሰሰ፣ አፈሰሰ ይላል። «ረን» ግን ከነመልኩ ይቀመጥና ተሳቢው ብቻ ይጨመርበታል። «ሺ ረንስ» ከተባለ ሴትዮዋ ትሮጣለች፤ «ሺ ረንስ ኤ ሬስቶራንት» ከተባለ ደግሞ ምግብ ቤት ታስተዳድራለች። ቤቱ የራሷ ይሁን የሌላ ሰው ግሱ አይናገርም፤ ሥራውን የምትመራው እሷ መሆኗን ብቻ ይገልጻል። ሐኪም «ረን ሰም ቴስትስ» ሲል ምርመራ ሊያዝ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሱቅ ሠራተኛ «አይ ዊል ረን ዩር ካርድ» ካለ የባንክ ካርዱን በማሽኑ ሊያሳልፍ ነውና ካርዴን ይዞ ሊሮጥ ነው ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም።

ከግሱ ኋላ የሚለጠፉት ትንንሽ ቃላት ደግሞ ፍቺውን ጨርሰው ይገለብጡታል። ስኳር ሲያልቅ አማርኛ «ስኳር አለቀብን» ይላል፤ ባለቤቱ ስኳሩ ነው፣ ጉዳቱ የደረሰበት ሰው በ«ብን» ውስጥ ይገባል። እንግሊዝኛ ለዚሁ ሁለት መንገድ አለው። ስኳሩን ባለቤት አድርጎ «ዘ ሹገር ራን አውት» ማለት ይቻላል፤ ሰዎቹን ባለቤት አድርጎ «ዊ ራን አውት ኦቭ ሹገር» ማለትም ይቻላል። በሁለተኛው ላይ «ኦቭ» የግድ ነው። አማርኛ ተናጋሪዎች ሲፈጥኑ የሚያስቀሯት ይህችን ቃል ነው፤ እሷ ከሌለች ዓረፍተ ነገሩ ይሰበራል።

«ኢንቱ» እና «ኦቨር» ሲምታቱ ነገሩ ይከፋል። «አይ ራን ኢንቱ አልማዝ» ያለ ሰው አልማዝን ሳያስበው መንገድ ላይ አግኝቷታል፤ ምናልባት ቡና ጋብዟታል። «አይ ራን ኦቨር አልማዝ» ያለ ግን በመኪና ድጧታልና ፖሊስ ይፈልገዋል። «ረን ኢንቱ» ራሱ ተሳቢው ግንብ ወይም የመብራት ምሰሶ ከሆነ «ተጋጨ» ማለት ነው። «ዘ ሚቲንግ ራን ኦቨር» ሲባል ደግሞ ስብሰባው ከተያዘለት ሰዓት አለፈ ማለት ሲሆን የተጎዳ ሰው የለም፤ ከተሰብሳቢዎቹ ትዕግሥት በቀር።

«አይ አም ረኒንግ ሌት» የሚለውም ብዙዎችን ያሳስታል። ተናጋሪው እየሮጠ ላይሆን ይችላል፤ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። መልእክቱ «ሳላረፍድ አልቀርም» ነው። በእኛ ዘንድ በዚህ ሰዓት የሚነገረው «እየደረስኩ ነው» ሲሆን የእንግሊዝኛው አባባል ቢያንስ ማርፈዱን ያምናል።

ቃሉ ስም ሆኖም ያገለግላል። አማርኛ «ሩጫ» በሚለው ቃል ውድድሩንም እንዲሁ መሮጡንም ይጠራል፤ እንግሊዝኛ ግን ማን ቀደመ የሚባልበትን «ሬስ»፣ ለጤና ወይም ለደስታ የሚደረገውን «ረን» ብሎ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በእንግሊዝኛ ስሙ «ረን» መባሉ ያስኬዳል፤ ከፊት የሚፎካከሩ አትሌቶች ቢኖሩበትም አብዛኛው ሰው የሚወጣው ለመጨፈርና ከወዳጅ ጋር ለመዋል ነውና። በባንክ ዓለም «ረን» የሚያስፈራ ቃል ነው፤ አስቀማጮች በአንድ ጊዜ ገንዘባቸውን ለማውጣት መሻማታቸውን ይገልጻል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 2023 የአሜሪካው ሲልከን ቫሊ ባንክ ደንበኞች በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ጠየቁ፤ በማግስቱ ባንኩ ተዘጋ። በምርጫ ጊዜ ደግሞ አሜሪካዊው ዕጩ «ረን» ያደርጋል፤ እንግሊዛዊው «ስታንድ» ይላል፣ ማለትም ይቆማል። የአማርኛው «ተወዳደረ» ለአሜሪካው ይቀርባል።

የቀረው የቅርጹ ጉዳይ ነው። የአሁኑ «ረን»፣ ያለፈው «ራን» ሲሆን የ«ራን» አናባቢ በ«ራ» እና በ«ሬ» መካከል ይወድቃል። «ረኒንግ» ሲጻፍ «ኤን» የሚባለው ፊደል ይደገማል። ከ«ሀቭ» በኋላ ደግሞ ግሱ ወደ መጀመሪያ መልኩ ይመለሳል፤ ስለዚህ «ዊ ሀቭ ራን አውት ኦቭ ሹገር» ስህተት ነው፣ ትክክለኛው «ዊ ሀቭ ረን አውት ኦቭ ሹገር» ነው።