«በሞቴ ብይ» ስንት ነጥብ ነው?

በአመጋገብ መዛባት የተጠረጠሩ ሰዎችን ለመለየት ተመራማሪዎች አዘውትረው ከሚጠቀሙባቸው መጠይቆች አንዱ «ኢት-26» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ፣ ካናዳ ውስጥ የተዘጋጀ ነው። ጥያቄዎቹ 26 ናቸው። ከአንዷ በስተቀር «ሁልጊዜ» ያለ 3፣ «አብዛኛውን ጊዜ» 2፣ «ብዙ ጊዜ» 1 ነጥብ ያገኛል። ድምሩ 20 ከደረሰ ባለሙያ ሊያየው ይገባል። እኔ የምህንድስና ሰው ነኝና ማንኛውንም መለኪያ ከማመኔ በፊት የት እንደተሠራ እጠይቃለሁ።

እስቲ መጠይቁን ይዘን ፍኖተ ሰላም መምህራን ኮሌጅ፣ ወይም ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ካምፓስ እንግባ። ጊዜው ሁዳዴ ነው እንበል። እየራበሽ ከመብላት ትቆጠቢያለሽ? 55 ቀን ሙሉ፤ 3። ሰዎች ብይ ብለው ይጫኑሻል? ገጠር ቤተሰቧ ጋ ሄዳ «በሞቴ!» ሳትባል ከገበታ የተነሣች ልጅ ካለች አሳዩኝ፤ 3። የበለጠ ብትበይ ሌሎች ደስ ይላቸዋል? ኧረ በጣም፤ 3። ቀጭን ነሽ ይሉሻል? እኛ ዘንድ «ከሳሽ» ማለት «ምነው፣ አሞሽ ነበር?» ነው፤ እናት ልጇን ባየች ቁጥር ትለዋለች፤ 3። ይኸው 12 ሞላ፤ ስለ ውፍረት ፍርሃት ገና አልጠየቅንም!

የሚያሳስበኝ ግን ተቃራኒው ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የጋና ጥናት በጣም ከሱ የሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎችን መርምሮ፣ ራሳቸውን የሚያስርቡ ጥቂቶች አገኘ። መወፈርን አይፈሩም፤ አለመብላትን የሃይማኖትና ራስን የመግዛት ጉዳይ አድርገው ነበር የሚያዩት። በሚጾም አገር እንዲህ ያለችው ተማሪ «መንፈሳዊ ናት» ተብላ ትታለፋለች፤ ማንም አይጠይቃትም።

ልዩነቱ የት ነው? ጾም ቀን አለው፤ ይፈታል፤ ለታመመም ይቀላል። ሕመሙ ግን ፋሲካን አያውቅም። ዶሮው ቀርቦ ሰበብ የምትፈልግ፣ ከበላች በኋላ ተደብቃ የምታስመልስ፣ የወር አበባዋ የቀረ፣ ቶሎ ቶሎ የሚያዞራት ልጅ ሐኪም ያስፈልጋታል። ማስመለስ ሲደጋገም ሰውነት ፖታሲየም ያጣል፤ የልብ ምት የኤሌክትሪክ ሥራ ነው፣ ያለዚህ ማዕድን ይዛባል። ይህ ደግሞ ወፍራሟም ላይ ይደርሳል፤ በዓይን አይታይም።

ስለዚህ መጠይቁን እዚህ የሚጠቀም ሰው ከእያንዳንዱ «ሁልጊዜ» ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ይጨምር፦ ጾሙ ሲፈታስ?