የውሃ ሞተር እንዴት ይክረም?

ላሊበላ ዙሪያ ሰኔ ሲገባ የውሃ ሞተር ሥራ ይፈታል። በጋውን ሙሉ ወንዝ እየሳበ ሽንኩርቱንና ድንቹን ሲያጠጣ የቆየው ማሽን ቤት ይገባና ጥግ ይይዛል። ዝናቡ አባርቶ ጥቅምት ላይ ባለቤቱ ገመዱን ሲስብ ዝም ይላል። ይደግማል፣ ይሠልሳል፣ አሁንም ዝም። መካኒክ ይጠራል፣ ካርቡራተር ይፈታል፣ ካንዴላ ይለወጣል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ችግኙ መደቡ ላይ ይጠወልጋል። ብዙ ሰው በዕቃው «ቻይናነት» ያሳብባል። እኔ የምጠረጥረው ሰኔ ላይ ቤት የገባበትን አገባብ ነው።

ማሽኑ ሁለት አካል አለው፦ ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር፣ ከጎኑም ቀንድ አውጣ የሚመስል የውሃ ቤት። ገበያ ላይ ከሚታዩት ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የሆንዳ ጂኤክስ ወይም የእሱ ግልባጭ ናቸው። ታርጋው ላይ የተጻፈው ጉልበት ግን ለባሕር ጠለል የተሰላ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ያለበት ሹምሸሃ 2,000 ሜትር ገደማ፣ ከተማው ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሹምሸሃ ሜዳ ላይ የቆመ ሞተር እንግዲህ ገና ሳይነሳ ሩብ ያህል ጉልበቱን አጥቷል። መሳቡም እንዲሁ ነው። ውሃውን በቱቦው ሽቅብ የሚገፋው የአየር ክብደት ስለሆነ፣ በባሕር ጠለል እስከ 10 ሜትር ሊደርስ የሚችለው እዚያ ከ8 ብዙም አያልፍም፤ በተግባር 5 ወይም 6 ሜትር ከሳበ መልካም ነው። ስለዚህ ሞተሩ ወደ ወንዙ ተጠግቶ ይቀመጣል። ሰኔ ላይ እዚያው የረሳው ሰው ደግሞ፣ በእሱ በኩል ጠብ ሳይል 4,260 ሜትር ከፍታ ባለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ የጣለው ዝናብ በደራሽ ጎርፍ ሊወስድበት ይችላል።

ሞተር ማክረምን ልማድ ያደረጉት የብርድ አገር ጀልበኞች ናቸው። የኖርዌይ ተወላጁ ኦሌ ኤቪንሩድ እ.ኤ.አ. በ1909 አሜሪካ ውስጥ ከጀልባ ኋላ የሚታሰረውን ሞተር ለገበያ ካወጣ ወዲህ፣ ሐይቁ በረዶ ሳይሆን ሞተሩን አጥቦ፣ ውሃውን አንጠፍጥፎ፣ ዘይቱን ለውጦ ማስቀመጥ የየዓመት ሥራቸው ነው። እነሱን የሚያስፈራቸው በረዶ ነው፤ ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ያህል ሰፍቶ ብረት ይሰነጥቃል። ላሊበላ ዙሪያ ሞተር የሚገድለው እርጥበትና ያረጀ ቤንዚን ነው። ሥርዓቱ ግን ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ጣና ላይ ለሚንሳፈፈው ጀልባም፣ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀው የተከዜ ግድብ ሐይቅ ዓሣ ለሚያወጣውም ያገለግላል።

ሥራው የሚጀመረው ቱቦው ገና ወንዝ ውስጥ ሳለ ነው። መጀመሪያ ከጠራ ኩሬ ለጥቂት ደቂቃ ውሃ እየሳቡ ደለሉን ከውሃ ቤቱ ማጠብ። ከዚያ የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግቶ፣ ሞተሩ ውሃ እየሳበ በካርቡራተሩ የቀረችውን ጨርሶ በራሱ እንዲጠፋ መተው። ይህን ቤት ወስደው በደረቁ የሚያደርጉት አሉ፤ እንዳያደርጉት። በሞተሩና በውሃ ቤቱ መካከል ያለው ማሸጊያ የሚቀዘቅዘው በሚያልፈው ውሃ ስለሆነ ያለ ውሃ ሲሽከረከር ይቃጠላል። ሲጠፋ ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ቡሎን ፈትቶ የቀረውን ጠብታ ማውጣት፣ ታንኩንም መገልበጥ ነው። ቤንዚን ሲከርም ቀላሉ ክፍል ይተንና የቀረው እንደ ሙጫ ይሆናል፤ ነዳጁ የሚያልፍባት ቀዳዳ ደግሞ ስፋቷ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በመጨረሻ ከውሃ ቤቱ ግርጌ ያለው መክፈቻ ተከፍቶ ውሃው ይንጠፈጠፋል።

ዘይቱ የሚለወጠው ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ነው። ጂኤክስ 160 የሚይዘው 0.6 ሊትር ያህል ብቻ ነው፤ በጋውን የሠራ ጥቁር ዘይት ግን አሲድና እርጥበት ስላለበት አራት ወር ከብረት ጋር መተኛት የለበትም።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ቀጣዩ ነው። ካንዴላው ይፈታል፤ በቀዳዳው አንድ ማንኪያ የማይሞላ ንጹሕ የሞተር ዘይት ይጨመራል፤ ዘይቱ የሲሊንደሩን ግድግዳ እንዲያለብስ ገመዱ ቀስ ተብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሳባል፤ ካንዴላው ይመለሳል። አሁን ገመዱን በዝግታ እየሳቡ ክብደቱን በእጅ ማዳመጥ ነው። ከበድ ባለበት ቦታ ይቆማል። እዚያ ላይ ፒስተኑ አየሩን ሊያምቅ ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ የአየር ማስገቢያውም የጭስ ማውጫውም ቫልቭ ተዘግተዋል። የሐምሌ ጉም ወደ ሲሊንደሩ የሚገባበት በር የለውም ማለት ነው። አንዲት ሳንቲም አያስወጣም፤ ከሁሉም በላይ የምወደው ይህን ነው።

ቀጥሎ ቦታ ነው። ከብትና ሰው አንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ቤት ሞተሩን ከከብቶቹ ጋር ማሰር አይገባም፤ ሽንታቸው የሚለቀው አሞኒያ መዳብና ነሐስ ይበላል። የማዳበሪያ ጆንያ ሥርም አይሁን፤ ዩሪያ እርጥበት ይስባል፣ ብረት ያዝጋል። ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ እሳት መጋበዝ ነው፤ ባዶ ታንክም የቤንዚን ትነት አያጣም። ከመሬት ከፍ ያለ ሳንቃ ላይ አኑሮ፣ አየር በሚያስተላልፍ ጨርቅ መሸፈን ይሻላል፤ ላስቲክ ላቡን አፍኖ ይይዛል። ቱቦውን ሳያጥፉ ጠቅልሎ ግድግዳ ላይ መስቀል ነው፤ አይጥ መሬት ላይ ካገኘው ይቦረቡረዋል፣ አንዲት ቀዳዳ ያለበት መሳቢያ ቱቦ ደግሞ አየር እንጂ ውሃ አይስብም።

የናፍጣ ሞተር ያለው ሰው ታንኩን ባዶ አያድርግ። ሞልቶ ይተወው፤ ባዶ ታንክ ውስጥ ጠል ይቋጥራል፣ መስመሩ ውስጥ የገባ አየር ደግሞ ሲነሳ ያስቸግራል።

ጥቅምት ላይ አዲስ ቤንዚን ተቀድቶ፣ ውሃ ቤቱ ገመዱ ከመሳቡ በፊት በውሃ ይሞላል። መጀመሪያ ላይ ሰማያዊ ጭስ ቢያወጣ አያስደንግጥ፤ ሲሊንደሩ ውስጥ የተጨመረችው ዘይት እየነደደች ነው።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ገበሬ ጥቂት አይደለም፤ የሚቸግረው ወቅቱ ነው። ግንቦት ላይ ብሩ ለዘርና ለማዳበሪያ ያልቃል። ሞተሩ የጋራ ሲሆን ደግሞ የክረምቱ ዘይት የማንም ዕዳ አይሆንም፤ ሁሉም ሌላው ያደረገው ይመስለዋል። ስለዚህ የመጨረሻው ሽንኩርት ሲሸጥ፣ ገንዘቡ ከመከፋፈሉ በፊት የዘይትና የካንዴላ ይነሳለት፤ የሚያከርመውም ሰው በስሙ ይታወቅ። ከታንኩ የተገለበጠውን ቤንዚን ሳይከርም ለባጃጅ ነጂ ቢሸጡት ከዘይቱ ዋጋ ጥቂቱን ይመልሳል።